ጋሽ ሰይድና የግቤው ስፌት

ጋሽ ሰይድ ያረፉ ዕለት እህል በረንዳ፣ በኛ ረድፍ፣ ጆንያ አልተራገፈም። እርግቦቹ ግን አላወቁም። እንደ ሁልጊዜው ከቆርቆሮው ጣሪያ ወርደው መሬቱን ይዞራሉ፤ የሚለቀም ሲያጡ አንገታቸውን እየሰበቁ የተዘጋውን ሱቅ ያያሉ። እኔም ትልቁን መርፌዬንና ሲባጎዬን ይዤ ስደርስ እንደነሱ በሩን ሳይ ቆምኩ። ጎረቤታቸው ሸራ ሻጩ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ተቀምጧል።

«ምነው፣ ጋሽ ሰይድ አልመጡም?» አልኩት።

«ሄዱ፣ የሂሩት እናት» አለኝ። «ከሱብሒ ሶላት በኋላ።»

እኔ ሞኟ ልቤ አልደነገጠም። መሄድ ልማዳቸው ነበራ! ሱቁን ዘግተው፣ ያቺን ኪሷ የተንዘላዘለ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከአገር አገር ፍርስራሽ ሲያዩ የሚከርሙ ሰው ነበሩ። «በዚህ ጉልበታቸው ደግሞ የት?» ብዬ ልቆጣ ስል የሰውዬውን ዓይን አየሁት። ያኔ ገባኝ። መርፌው ከእጄ ወደቀ።

ከቀትር ሶላት በኋላ ኮልፌ ተቀበሩ። ማታ ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ፣ ዓይናቸው ከሰው ፊት ይልቅ ግድግዳና ጣሪያ ላይ የሚዞር ሰዎች እንደነበሩ አስተዋልኩ። ወርቁን ነው የሚፈልጉት። መርካቶ ውስጥ ጋሽ ሰይድ ወርቅ አግኝተዋል ብሎ የማያምን ሰው ጥቂት ነው። ያዩት ግን አሮጌ ምንጣፍና የተጠቀለለ ጆንያ ብቻ ነበር።

እስቲ ከሥራቸው ልጀምር። ጋሽ ሰይድ የአሮጌ ጆንያ ነጋዴ ነበሩ። ከወሎ በልጅነታቸው መጥተው፣ እህል ሲጫኑ፣ እህል ሲያስጭኑ ኖረው፣ በኋላ ጆንያው ላይ ቀሩ። ጤፍና ባቄላ ይዞ የመጣ ጆንያ ባዶውን ሲቀር እሳቸው ይገዙታል፤ የተቀደደውን እኛ ሴቶቹ ደጃፋቸው ተቀምጠን እንሰፋዋለን፤ መልሰው ለእህል ነጋዴ ይሸጡታል። ጆንያ ሲገዙ ዓይናቸውን አያምኑም። እጃቸውን እስከ ትከሻቸው ያስገቡና ጥጉን ይዳብሳሉ፤ ከዚያ አፍንጫቸውን ይከቱበታል።

«ይሄ በርበሬ ነበረበት፤ ለጤፍ አይሆንም። ይሄ ደግሞ ዝናብ መትቶታል፤ አድርቀው አመጡልኝ፣ አላህ ይይላቸው!»

አንዴ አንድ ገበያተኛ «ባዶ ጆንያ ምን ያሸታል?» ብሎ ሲስቅባቸው፣ ሳይቆጡ «ልጄ፣ የሞላውንማ ማንም ያውቀዋል። የኔ ሥራ ባዶ ነገር ውስጥ ምን እንደነበረ ማወቅ ነው» አሉት። ይህችን ቃል አልረሳትም። ሥራቸውም ጉብኝታቸውም እሷው ውስጥ ናት።

ጉብኝቱን እንዴት እንደጀመሩት ደጋግመው ነግረውናል። በጎልማሳነታቸው ሽምብራ ሊጭኑ ደንቢያ ወርደው፣ ጎርጎራ አጠገብ፣ ጣና ዳር፣ መኪናቸው ጭቃ ይዞት ቀረ። ዝናቡ ሲወርድ ወደ አንድ ፍርስራሽ ሮጡ። ግማሽ ጣሪያው ወድቋል፤ ግድግዳው ላይ ሾላ በቅሏል። ዝናቡ እስኪያባራ ቀና ብለው ሲያዩ፣ ድንጋዩ ሁሉ አበባ በአበባ ሆኖ ተፈልፍሏል።

«ወላሂ፣ ድንጋዩን እንደ ቀሚስ ጥልፍ ጠልፈውታል» ይሉ ነበር። «እኔ እኮ ድንጋይ ወፍጮና ጉልቻ እንጂ እንዲህ የሚለብስ መሆኑን አላውቅም ነበር!»

ቦታውን የሚጠብቁ ሽማግሌ ነገሩን አጫወቷቸው። በድሮ ጊዜ ከእስፓኝና ከፖርቱጋል ባሕር ተሻግረው የመጡ ነጫጭ ቄሶች ነበሩ። ንጉሡን አሳምነው አገሩን ወደ ካቶሊክ ሊያዞሩ ሞከሩ፤ ቤተ ክርስቲያንም ገነቡ፤ ቤተ መንግሥትም አሠሩ። ሕዝቡ እንቢ አለ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ቄሶቹ ተባረሩ፤ ግንባቸው ቀረ። ጋሽ ሰይድ ይህን ሰምተው ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ? እጃቸውን ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ እስከ ትከሻቸው አስገቡ። ከዚያ አፍንጫቸውን።

«ኖራው ይሸታል፣ የሂሩት እናት። ያን ያህል ዘመን ዘንቦበት ውስጡ አሁንም ደረቅ ነው። አንድ ሰው፣ አገሩ በመርከብ ስንት ወር የሚያስሄድ ሰው፣ ያንን ኖራ በእጁ አቡክቶታል። ከዚያ ትቶት ሄደ። ልቡ እንዴት ሆኖ ይሆን?»

ከዚያ ወዲያ አላረፉም። ለጆንያ ብለው በሄዱበት ሁሉ ፍርስራሽ ይጠይቃሉ። ደንቀዝ ሄዱ፣ መርጡለ ማርያም ሄዱ። የቄሶቹን ሲጨርሱ ጣሊያን በየጠረፉና በየኮረብታው የሠራቸውን ምሽጎች ጀመሩ። አንድ ቀን ቆጣ ብዬ «ጋሽ ሰይድ፣ መስጊድ አይደለ፣ የርስዎ ወገን የሠራው አይደለ፣ ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው።

ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፉት። ሊስቁ ሲሉ እንዲያ ነበር የሚያደርጉት። «አንቺ ኦርቶዶክስ፣ እኔ እስላም፣ ሠሪዎቹ ካቶሊክ። ግንቡ ግን አሁን የዝናብ ነው። ዝናብ ቤት እንግዳ ብሆን ማን ይቆጣኛል?»

ደግሞ ከሄዱበት ጠጠር እንኳ ይዘው አይመጡም። ይሄ ነው መርካቶን ያሳበደው። እዚህ ሰፈር ባዶ እጁን ሄዶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው የለማ! ጣሊያን ሲሸሽ ወርቅ ቀብሯል፣ ቄሶቹም ጽዋና መስቀላቸውን ግድግዳ ውስጥ ደብቀዋል የሚለውን ወሬ የማያውቅ ደላላ የለም። ሽመልስ የሚባል ደላላ ነበር፤ አሁንም አለ፤ ቀጭን፣ ወሬው ከእግሩ የሚቀድም። ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ ጋሽ ሰይድን በስውር እስከ ጎርጎራ ተከተላቸው። ታሪኩን ዛሬም ራሱ ነው የሚያወራው፤ አያፍርበትም።

«ከሩቅ ቆመን እናያቸዋለን» ይላል። «ሽማግሌው መጡ፤ ግድግዳው ውስጥ እጃቸውን እስከ ትከሻ አስገቡ! አሸተቱ! እኔ ልቤ ልትወጣ! ወርቅ ሽታ እንዳለው እንኳ የዚያን ቀን ነው ያመንኩት። እስኪሄዱ ጠበቅንና ያቺኑ ስንጥቅ በዲጂኖ ፈለቀቅናት።»

«እሺ፣ ምን አገኛችሁ?» እንለዋለን፣ ብናውቀውም።

«ገበሬ!» ይላል። «ዱላ የያዘ ገበሬ፣ በአራቱም ማዕዘን!»

አገሬው ይዟቸው ሊደበድባቸው ሲል ጩኸቱን ሰምተው የተመለሱት ጋሽ ሰይድ ናቸው። ሽመልስን ሲያዩ ምንም አልደነቃቸውም። ለገበሬዎቹ «የኔው ጉዶች ናቸው፤ ከመርካቶ ነው የመጡት። ጆንያ ካላራገፉ እጃቸው ያሳክካቸዋል» አሏቸው። ገበሬዎቹ ሳቁ። ግን እንዲሁ አልተለቀቁም። ጠባቂው አጠገባቸው ቆሞ እያሳያቸው፣ የነቀሏትን ድንጋይ ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ነበረችበት አስመለሷቸው። ፀሐዩ አናታቸውን ሲያነደው ጋሽ ሰይድ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው «ሽመልስ፣ ፊቷን አዙራት፤ ሰው ሚስቱን በጀርባዋ ያስተኛል እንጂ ድንጋይ በጀርባው አይተኛም» ይላሉ። ሽመልስ ከዚያ ወዲያ ለሰው ሁሉ «ወርቅ የለም፤ እኔ ራሴ አይቼ መጥቻለሁ» እያለ ይምላል። ሰው ግን ምን አለ? «ተካፍለው ነው» አለ። መርካቶ!

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ፤ ጋሽ ሰይድን ሳስብ እሷን ሳላስብ አይሆንልኝም።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ሂሩት ጡት ሳትጥል ግቤ በረሃ ላይ መኪናቸው ተገልብጦ ቀረ። ከዚያ ወዲያ እኔ ሰው አልሆንኩም። ልጄ ከትምህርት ቤት ዘገየች ብዬ አብነት አደባባይ ድረስ በነጠላ ጫማ ሮጫለሁ። ስልክ ሲጮህ ሳላማትብ አላነሳም። ከመርካቶ መውጣት ማለት ለኔ ገደል ማለት ነበር። ሂሩትን ከኔ ዓይን እንዳትርቅ ብዬ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በየቀኑ ወደ ጆንያው ደጃፍ አመጣኋት። ፈርቼ ያመጣኋት ቦታ ላይ ጋሽ ሰይድን አገኘቻቸው።

በኛ ረድፍ ልማድ፣ ጆንያ ሲራገፍ ከጥጉ የሚረግፈው ጥራጥሬ የሰፊዎቹ ነው። ምስሩ፣ ሽምብራው፣ አተሩ ተደባልቆ ይወርዳል፤ ማታ ለቅመን ለወጥ እንወስደዋለን። ጋሽ ሰይድ ግን ከኛ ይቀድሙታል። ከጉዞ በተመለሱ ቁጥር አንድ ጆንያ መሬት ላይ ይዘረጉና በረገፈው እህል ያዩትን ፍርስራሽ ይሠሩታል። ግድግዳው ሽምብራ፣ ሐይቁ ምስር፣ የወደቀው ክፍል አተር። «ይሄ ደወሉ የነበረበት ነው። ይሄ ቄሶቹ የሚያድሩበት ነው። በሩ ወደ ሐይቁ ነው፤ በታንኳ ነበራ የሚመጡት።»

«ኧረ ጋሽ ሰይድ፣ ወጣችንን ግንብ አደረጉት!» እንላለን።

«አብሽሩ፣ ማታ አፍርሳችሁ ትበሉታላችሁ። እንዲህ ያለ ግንብ የበላ ንጉሥ የለም።»

ሴቶቹ ይስቃሉ። ሂሩት ግን አትስቅም። ተንበርክካ ታያለች። «ይሄ ግድግዳ ለምን ወፈረ? ጣሪያውን ምን ተሸከመው?» ትላለች። እሳቸው ያወቁትን ይነግሯታል፤ ያላወቁትን «እሱን ሄዶ ማየት ነው» ይላሉ። ሄዶ ማየት! ይህችን ቃል ስሰማ መርፌው ጣቴን ይወጋኛል።

የፈራሁት አልቀረም። አንድ ቀን «እማ፣ ጋሽ ሰይድና እትዬ ዘይነብ ጎርጎራ ሊሄዱ ነው፤ አብሬ ልሂድ» አለች። እትዬ ዘይነብ ባለቤታቸው ናቸው።

«በሬሳዬ ላይ ተራምደሽ» አልኳት።

ወደ እሳቸው ሄዳ አለቀሰች። ያግዙኛል ብላ ነበር። እሳቸው ግን እኔ እየሰማሁ «እናትሽ እሺ ካላለች ከኔ ጋር እስከ አብነትም አትሄጂ» አሏት። ጉዟቸውንም ተዉት። ልጄ ከዚያ በኋላ ታወራኛለች፣ ታበስላለች፣ ትታዘዘኛለች፤ ግን ፊቷን ከኔ ወሰደችው። አንድ ቤት ውስጥ እያለች ናፈቀችኝ።

ጥቂት ሰነባብተው ጋሽ ሰይድ አጠገቤ መጥተው ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

«የሂሩት እናት፣ ጎርጎራ ይቅር። ግቤ እንሂድ። አንቺ፣ ልጅሽ፣ እኔና ዘይነብ። ከወንዙ ማዶ ጣሊያን የሠራው ምሽግ አለ።»

ጆሮዬን አላመንኩም። «ግቤ? ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ ሰው አይደሉም እንዴ? ባሌን የበላውን በረሃ!»

«ለዚሁ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ልጅሽ እኮ መንገድ አትፈራም። የምትፈራው ያንቺን ፊት ነው።»

ተነስቼ ሄድኩ። ሰደብኳቸው ብል ይሻላል። በማግስቱ ምንም እንዳልተባለ «አብሽሪ፣ የሂሩት እናት፣ ሲባጎ አለሽ?» ብለው ሰላም አሉኝ። ምን እንዳሸነፈኝ አላውቅም፤ የልጄ ፊት ይመስለኛል። እሺ አልኩ።

አውቶቡስ ተራ ስንሳፈር እግሬ አልንቀሳቀስ ብሎ እትዬ ዘይነብ ከኋላ ገፍተው ነው ያስገቡኝ። «ግቢ አንቺ! እኔ ከዚህ ሰውዬ ጋር ስንት ገደል ወርጃለሁ፤ ሞትም ሰልችቶት ትቶኛል» ይላሉ። ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል ሰው ሁሉ የፊቱን ወንበር ጨበጠ። ታች በረሃው ይታያል። ዓይኔን ጨፍኜ እመቤቴን ስጠራ ጋሽ ሰይድ ከካፖርታቸው ውስጥ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የተቀደደ ጆንያ ነው።

«ይቺን ስፊልኝ።»

«እዚህ? አሁን?»

«የሚፈልጋት ሰው አለ። መርፌሽን እንደማትተይው አውቃለሁ።»

እውነትም ከደረቴ ሥር ተሰክቶ ነበር። ተናድጄ ተቀበልኳቸው። መኪናው ሲጠመዘዝ መርፌው ይጠመዘዛል፤ ፍሬን ሲይዝ ክሩ ይላላል፤ ጣቴን ወጋሁት፣ ደሜ ጆንያው ላይ ነጠበ። ግን የጆንያ ሥራ አያዳላም፤ ዓይን ከተነሳ ስፌት ይስታል። እሱን እሱን ሳይ፣ «አንቺ ደረስን እኮ!» አሉ እትዬ ዘይነብ። ቀና ስል ድልድዩን ተሻግረን ሽቅብ እየወጣን ነው።

«የት ጋ ነው ያለፍነው?» አልኩ። ጋሽ ሰይድ ምን እንደጠየቅኋቸው ገባቸው። ለካ ቀድመው የድሮ ሾፌሮችን ጠይቀው ባሌ የቀረበትን ቦታ ያውቁት ኖሯል። ጆንያውን ከጭኔ አንስተው፣ ስፌቱ ክፉኛ የተጣመመበት፣ ደሙ የነጠበበት ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«እዚች ጋ» አሉ። «አለፍሽው።»

አለቀስኩ። ሂሩት ከኋላ ወንበር ተነስታ አቀፈችኝ። ባሏ የት ጋ እንደቀረ ሳታውቅ ያረጀች ሴት ነበርኩ፤ አሁን ቦታው እጄ ላይ ነበር።

ምሽጉ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ጉብታ ላይ ነው። እሾህ ወርሶታል፤ ግን ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ጠመንጃ የሚወጣበት ጠባብ ቀዳዳ አለው። ሂሩት እንደ ፍየል ግልገል ስትዘል፣ በሲባጎዬ ግድግዳ ስትለካ፣ እኔ «እባብ አለ! እንዳትገቢ!» እያልኩ እዞራለሁ። እጇን ስንጥቁ ውስጥ እስከ ትከሻዋ አስገብታ «እማ፣ ኖራው ይሸታል!» አለች። ጋሽ ሰይድ ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፉ።

አንድ የአካባቢው ሽማግሌ መጥተው አብረውን ተቀመጡ። ስለ ምሽጉ ሲጠየቁ «ይሄን ግንብ ጥይት አልበሳውም» አሉ። «አባቶቻችን ከበቡት እንጂ አልደፈሩትም። ግን ሠሪዎቹ ሲሠሩት ውኃ ውስጡ አላስገቡም። ውኃው ታች ነው፤ ወንዙ ጋ። ሰነበቱ፣ ሰነበቱ፣ ጠማቸው። በገዛ እጃቸው በሩን ከፈቱ።»

«ግንቡስ ጥሩ ነበር» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ውኃው ግን ውጭ ቀረ።»

ወደ እኔ አላዩም። እኔም ወደ እሳቸው አላየሁም። ልጄን አየኋት፤ ግድግዳው አናት ላይ ቆማ፣ ነፋሱ ነጠላዋን እየወሰደው፣ ፊቷ ተመልሶ መጥቶ ነበር።

ያቺን ጆንያ አልሸጧትም። ሱቃቸው ውስጥ ሚስማር መትተው ሰቀሏት። ገዢ ሲጠይቅ «አይሸጥም፤ ካርታ ነው» ይላሉ። ረድፉ ሁሉ ያሾፍብኛል፤ ሽመልስ ባለፈ ቁጥር «የግቤ መንገድ መሐንዲስ እንዴት አደርሽ!» ይለኛል። ሂሩት ኮሌጅ ገብታ የግንባታ ሥራ ተማረች። የተመረቀች ቀን ጋሽ ሰይድ ካፖርታቸውን አስተኩሰው መጡ፤ ያኔ ብቻ ነው ተተኩሶ ያየሁት።

ከዚያ መንገዱም ከፋ፣ ጉልበታቸውም ደከመ። ወደ ሰሜኑ መሄድ ቀረ። ጆንያ ክምር ላይ ተቀምጠው በእህሉ ብቻ ይጓዙ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ጎርጎራን ሲሠሩ ሽምብራው ከእጃቸው አምልጦ ተበተነባቸው።

«በሩን አንቺ አድርጊው» አሉኝ።

እኔ ያን አገር አላየሁትም። ግን እጄ ሄዶ ሽምብራውን በምስሩ ሐይቅ ትይዩ ከፈተው። ጋሽ ሰይድ ረጅም ጊዜ አዩት። «ወላሂ፣ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ» አሉ። ከዚያ ወዲያ እህል ሲነኩ አላየኋቸውም።

ካረፉ በኋላ እትዬ ዘይነብ ሱቁ ድረስ አስጠሩኝ። ልጃቸው ሥራውን ሊይዝ እየጠረገ ነበር። ጆንያዋን ከሚስማሩ አውርደው ሰጡኝ። «ያንቺ ናት። ጉልበቱ ደክሞ እንኳ ‹የሂሩትን እናት ካርታ እንዳትሸጡ› ይል ነበር» አሉ። ሁለታችንም ይዘናት አለቀስን። መልሼ ሰቀልኳት። እኔ ቤት ምን ትሠራለች? ቦታዋ እዚያው ነው።

ሐዘኑ ሳይደርቅ ሂሩት አንድ ማታ ከሥራ መጥታ ሳትቀመጥ ቆመች። የምትሠራበት ቡድን የድሮ ግንቦች እንዳይወድቁ ይደግፋል። አሁን የተመደቡት ጎርጎራ ነው። የቀረው ግድግዳ ሳይናድ መለካት አለበት። እስከ ጎንደር በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና።

«በዚህ ጊዜ?» አልኩ። «መንገዱን አትሰሚም? ሰው የሚለውን አትሰሚም?»

«ሰምቻለሁ፣ እማ። ተጠይቆ፣ ተጣርቶ ነው የምንሄደው። ግን አንቺ እሺ ካላልሽ አልሄድም። ጋሽ ሰይድ ያኔ እንዳሉኝ ነው፤ ካንቺ እሺታ ውጭ እስከ አብነትም አልሄድም።»

ምነው ባላለችው! እምቢኝ ብላ ብትሄድ እኔ አልቅሼ እቀመጥ ነበር። ሥራውን እኔ ላይ ጣለችው። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በጠዋት ተነስቼ «ጋሽ ሰይድ፣ ምን ላድርግ?» እል ነበር፤ እሳቸውም «አብሽሪ» ይሉኝ ነበር። ሱቁ ሄድኩ። ማንም የለም፤ ጆንያዋ ብቻ። የተጣመመችው ቦታ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ደሙ ደርቆ ቡኒ ሆኗል። እጄን ውስጧ አስገባሁ፤ እንደሳቸው እስከ ትከሻዬ፤ አሸተትኳት። ሳሙናቸውና የካፖርታቸው አቧራ ነበረባት። ባዶ አልነበረችም።

ቤት ስመለስ ሂሩት ልብሷን እያጣጠፈች፣ መልሳ እየዘረጋች አገኘኋት። አልሄድም ብላ ስትዘረጋ፣ ምናልባት ብላ ስታጥፍ።

«ውኃ ያዢ» አልኳት።

ቀና አለች። «እሺ ማለትሽ ነው?»

«ያ አገር ይሞቃል። ውኃ ያዢ አልኩሽ!»

የሄደችበት ጠዋት በር ላይ አልቆምኩም። ከቆምኩ እይዛታለሁ። ቀድሜ ወጥቼ እህል በረንዳ ተቀመጥኩ። ለጋሽ ሰይድ ልጅ «ከሁሉ የባሰ የተቀደደውን አምጣልኝ» አልኩት። አመጣልኝ። መስፋት ጀመርኩ። አውሮፕላን በላዬ ባለፈ ቁጥር መርፌው ይስታል፤ የሷ ይሁን የሌላ ምን አውቄ! እርግቦቹ እግሬ ሥር ይለቅማሉ። ሽመልስ መጣ፤ ሊያሾፍ አፉን ከፍቶ ፊቴን ሲያይ ዘጋው። አጠገቤ ቁጭ አለ፤ ሽመልስ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የዚያን ቀን አየሁት።

ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። አማትቤ አነሳሁት።

«እማ! ትሰሚኛለሽ? ደረስኩ!» ድምፅዋ እየተቆራረጠ ነው፤ ከኋላዋ ነፋስና ወፍ ይሰማል። «ግንቡ ውስጥ ነኝ። ድንጋዩ ልክ ጥልፍ ነው፣ እማ፣ ልክ እሳቸው እንዳሉት...»

«በሩስ?» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«በሩ?»

«በሩ ወደ ሐይቁ ነው?»

ስትዞር፣ ጠጠር ስትረግጥ ይሰማኛል። «ወደ ሐይቁ ነው፣ እማ» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት። «ውኃሽን ጠጪ።»

ስልኩን ዘግቼ ስፌቱን አየሁት። መስመር የለውም፤ እዚህ ዘሏል፣ እዚያ ተጣሟል፤ የትኛውም ነጋዴ አይገዛውም። በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩት። አልተተረተረም። ሲባጎውን ቋጥሬ በጥርሴ በጠስኩና፣ በጋሽ ሰይድ ሚስማር ላይ፣ ከግቤው ጆንያ ጎን ሰቀልኩት።